ዓሣን ማጥመድም በብልሃት

ቢቸና ገበያ የዋለ ሰው ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ በሬና ስለ ማዳበሪያ ሲወራ ሰምቶ ይገባል። ሞጣም ከዚህ የተለየ አይደለም። ዓሣ ትዝ የሚለው ዓቢይ ጾም ሲገባ ነው፤ ያውም «ይበላል፣ አይበላም» በሚል ክርክር ታጅቦ። ይሁን እንጂ ከሁለቱም ከተሞች ወደ ምሥራቅ ቁልቁል የወረደ ሰው ዓባይን ያገኛል። ከጮቄ ተራራ የሚነሱት እንደ ሙጋና ሱሃ ያሉ ወንዞችም ደጋውንና ወይና ደጋውን አቋርጠው የሚገቡት ወደዚያው ነው። በቆላው ጠርዝ የሚኖረው አርሶ አደር በወንዙ ዓሣ እንዳለ ያውቃል፤ ልጁም ያውቃል። በተለይ መሬት ያልደረሰው ወጣት አሁን አሁን ወንዙን በሌላ ዓይን ማየት ጀምሯል።

ይህን ዓይን የሚከፍትለት ብዙ ጊዜ የእጅ ስልኩ ነው። በዩቲዩብ አንድ ፈረንጅ ሐይቅ ዳር ቆሞ ቀጭን ዘንግ ይወረውራል፤ ትንሽ መዘውር ያሽከረክራል፤ አፈ ሰፊ አረንጓዴ ዓሣ እየተንፈራገጠ ይወጣል። ዓሣው ባስ ይባላል። ወጣቱ ቪዲዮውን አይቶ ሲጨርስ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ይህ ዘንግ በስንት ይገዛል?»

ጥያቄው መጥፎ አይደለም፤ ቀድሞ መምጣቱ ነው ችግሩ። ባስ የሰሜን አሜሪካ ዓሣ ነው። የሚያድነው በአብዛኛው በዓይኑ ነው። ሞቅ ባለ፣ ረጋ ባለና ጠራ ባለ ውኃ ውስጥ ሣር ወይም የወደቀ ግንድ ተጠግቶ ያደባል፤ ያለፈውን ትንሽ ዓሣ ይውጣል። ስለዚህ ለእሱ የተሠራው መሣሪያ ሁሉ ዓይኑን ለማታለል የታሰበ ነው፤ የሚያብለጨልጭ ብረት፣ ከላስቲክ የተሠራ ትል፣ ቀለም የተቀባ የእንጨት ዓሣ። ዘንጉ ከካርቦን ወይም ከፋይበር ግላስ የሚሠራው፣ ርዝመቱም ሁለት ሜትር ገደማ የሚሆነው፣ ቀኑን ሙሉ ለሚወረውር ክንድ እንዲቀል ተብሎ ነው። ሪል የሚባለው ክር መጠቅለያ መዘውርም ክሩን በፍጥነት ለመልቀቅና ለመሰብሰብ የተሰናዳ ነው።

በዓባይ ሸለቆ ባስ የለም። ማምጣትም አያስፈልግም። ጎረቤት ኬንያ ውስጥ ናይቫሻ ሐይቅ ላይ ይህ ዓሣ ለመዝናኛ አጥማጆች ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1929 ተለቋል፤ እስከ ዛሬም በሐይቁ ይኖራል። በቪክቶሪያ ሐይቅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተለቀቀው ናይል ፐርች በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ እጅግ ብዙ ትናንሽ የዓሣ ዝርያዎችን አጥፍቷል። አንዴ ወንዝ የገባ ዓሣ ተለቅሞ አይወጣም። በአገር ውስጥ በዘንግና በሪል ማጥመድ የታወቀው በባሌ ነው፤ እንደ ዌብ ባሉ ቀዝቃዛ ወንዞች ከኬንያ የመጣው ትራውት የሚጠመደው በዚህ መንገድ ነው። ባሌ ግን ባሌ ነው፤ ዓባይ ዓባይ ነው።

ከቪዲዮው መወሰድ ያለበት አንድ ቁም ነገር ግን አለ። ያ ፈረንጅ መሣሪያ ከመግዛቱ በፊት ዓሣው የት እንደሚውል፣ ምን እንደሚበላ፣ አፉ ምን ያህል እንደሚከፈት ይጠይቃል። መሣሪያውን የሚመርጠው ለዓሣው ነው። እዚህ ግን መሣሪያውን የሚመርጠው ነጋዴው በመደብሩ ያስቀመጠው ዕቃ ወይም በግዥ ዝርዝር ላይ የተጻፈው ቃል ነው። «የዓሣ ማስገሪያ መረብ፣ ብዛት ይህን ያህል» ይባልና ይገዛል። የመረቡ ቀዳዳ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ፣ ክሩ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ የሚዘረጋው በየትኛው ውኃ እንደሆነ አይጻፍም።

ውኃውን ማየት ይቅደም። ቢቸናም ሞጣም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው። በዚህ ከፍታ የሚወርዱ ጅረቶች ቀዝቃዛና ጠባብ ናቸው። በኩሬ ዓሣ ማርባት የሚፈልግ የደጋ አርሶ አደርም ቀድሞ ማወቅ ያለበት ይህንኑ ነው። ቀረሶ ሙቀት ወዳድ ዓሣ ነው፤ የውኃው ሙቀት ከ20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ሲወርድ መራባቱን ያቋርጣል፣ እድገቱም ይጎተታል። ደጋ ላይ ኩሬ ቆፍሮ ቀረሶ የጨመረ ሰው፣ ዓመት ጠብቆ ጣት የምታህል ዓሣ ቢያወጣ ጥፋቱ የመንጠቆው አይደለም።

ወደ ቆላው ሲወረድ ውኃው ይሞቃል፣ ዓሣውም ይበረክታል። እዚያ የሚገኙት በዋናነት አምባዛና ነጭ ዓሣ የሚባለው ባለ ቅርፊት ዓሣ ናቸው። ሁለቱ አንድ መንጠቆ አይጋሩም። አምባዛ ሰፊ አፍ ያለው፣ በጢሙና በሽታ የሚመራ፣ ከታች ጭቃውን እየዳበሰ የሚሄድ፣ ይልቁንም ሌሊት የሚንቀሳቀስ ዓሣ ነው። ነጭ ዓሣ ከአምባዛ ያነሰ አፍ አለው፤ ወራጅ ውኃ ይወዳል፤ መንጠቆ ሲይዘው ደግሞ ክሩን ይዞ ወደ ሞገዱ ይበርራል። ክረምት ሲገባም ከዋናው ውኃ ተነስቶ ወደ ገባር ወንዞች ይወጣል፤ እንቁላሉን የሚጥለው ንጹሕ ውኃ በሚፈስበት ጠጠራማ ቦታ ነው።

የነገሩ ሁሉ ቋጠሮ እዚህ ላይ ነው። ይህ ዓሣ እንቁላል ሊጥል ሲወጣ ተጠጋግቶ፣ በጠባብ መንገድ፣ በታወቀ ወር ይጓዛል። በዚያ ሰዓት የወንዙን አፍ ከዳር እስከ ዳር በመረብ የዘጋ ሰው ብዙ ዓሣ ያገኛል። በሚቀጥለው ዓመትም ያገኝ ይሆናል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ግን መረቡን የሚሞላው ቅጠል ነው።

ይህ በጣና የታየ ነው። በጣና ሐይቅ በሞተር ጀልባና በዘመናዊ መረብ ማስገር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ነጩ ዓሣ እንደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ባሉ ወንዞች አፍ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ሲሰበሰብ መረቡም እዚያው ተከተለው። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያና በአሥር ዓመቱ መጨረሻ ያጠመዱትን ሲያነጻጽሩ የትልልቆቹ ነጭ ዓሦች ብዛት በሦስት አራተኛ ገደማ ቀንሶ አገኙት፤ የወጣቶቹ ደግሞ ከዚያም ብሶ ወደ 90 በመቶ። ጣና ከ3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ሐይቅ ነው። ሐይቁን እንዲህ ያደረገ አሠራር የሞጣን ቆላ አንድ ገባር ወንዝ ምን ያህል ጊዜ ይፈጅበታል?

ከዚያ ወዲህ ደግሞ የባሰ መጣ፤ ከአንድ ነጠላ የናይለን ክር የተሠራ መረብ፣ ሞኖፊላመንት የሚባለው። ውኃ ውስጥ ሲገባ አይታይም፤ ዓሣው ሳያውቅ ይገባበታል። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ቶሎ ይቀደዳል፤ ሲቀደድም መጠገን ስለማያዋጣ ተጥሎ ይቀራል። የተጣለው ግን አይበሰብስም፤ ባለቤቱ ቤቱ ተኝቶ እያለ መረቡ ዓሣ መግደሉን ይቀጥላል። አንድ ወረዳ ለሥራ አጥ ወጣቶች ድጋፍ ብሎ እንዲህ ያለ መረብ ካከፋፈለ፣ የደገፈው ወጣቱን ሳይሆን ነጋዴውን ነው።

መረብ ሁሉ ኃጢአተኛ ነው ማለት አይደለም። መረብ በቀዳዳው ልክ ይመርጣል፤ ከቀዳዳው የቀጠነው ዓሣ ያልፋል፣ የተመጣጠነው አንገቱ ላይ ይያዛል፣ እጅግ የወፈረው ነክቶ ይመለሳል። ስለዚህ መረብ ለመግዛት የሚሄድ ባለሙያ ማስመሪያ ይዞ ይሂድ። ልኩ የሚወሰደው መረቡ ተወጥሮ፣ ከአንዱ ቋጠሮ እስከ ፊት ለፊቱ ቋጠሮ ነው። ሳይወጠር የአንዱን ጎን ብቻ የለካ ሰው ግማሹን ነው የሚያነበው። ሻጩ በአንዱ ልክ ሲናገር ገዥው በሌላው ልክ ከሰማ፣ የታዘዘውና የገባው ዕቃ አይገናኝም። መጋዘን ከገባ በኋላ ደግሞ ማንም አይመልሰውም። በጣቶች ቁጥር «ይህን ያህል ጣት ያስገባል» ብሎ መለካትም የለካውን ሰው ጣት እንጂ የመረቡን ልክ አያሳይም።

ከመረቡም የከፋ ነገር በቆላው አለ። ብርብራን ማን የማያውቀው አለ? ጥላው መልካም ነው፣ ንብም ይወደዋል። ፍሬው ተወቅጦ ውኃ ውስጥ ሲበተን ግን ዓሣው መተንፈስ አቅቶት ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል። ትልቁ፣ ትንሹ፣ ጫጩቱ፣ ዓሣው የሚበላው ነፍሳት ሳይቀር አብሮ ይሞታል። አጥማጁ የሚለቅመው ትልልቁን ነው፤ የቀረው ይበሰብሳል። ለወባ መከላከያ የታደለውን አጎበር ለዓሣ ማጥመጃ ማዋልም ከዚህ አይሻልም። የአጎበሩ ቀዳዳ ትንኝ አያስገባም፤ የዓሣ ጫጩትስ ምን ያሳልፋል? የተነከረበት ፀረ ነፍሳትም ራሱ ለዓሣ መርዝ ነው። አጎበሩ ወንዝ ላይ ሲዘረጋ ቤት ውስጥ ደግሞ ልጅ ያለ አጎበር ይተኛል፤ የዓባይ በረሃ ወባ እንዴት እንደሆነ ለቆላ ሰው አይነገረውም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ክልሉም የራሱ ሕግ አለው። መርዝ ወንዝ ውስጥ መጨመር ጥፋት መሆኑን ግን ብዙ ቀበሌ ከአዋጁ አልሰማም።

እንግዲህ ምን ይሻላል? ለዚህ ውኃ የሚሻለው መንጠቆ ነው። በሪል፣ በካርቦን ዘንግ የታጀበው ሳይሆን ተራው መንጠቆ፤ ነገር ግን ታስቦበት የተመረጠ።

ከዘንጉ እንጀምር። ቆላ ቀርከሃ ከደጋው ቀርከሃ የሚለየው ውስጡ አብዛኛውን ድፍን መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ለዘንግ ከደጋው ይበልጣል። ሦስት ዓመት የሞላው ይመረጥ፤ በበጋ ይቆረጥ፤ ፀሐይ ሳይመታው ጥላ ሥር ይድረቅ፤ የጎበጠውም በእሳት ሞቅ ተደርጎ ይቃና። ከሦስት እስከ አራት ሜትር ቢረዝም መልካም ነው። ርዝመቱ ለጌጥ አይደለም፤ አጥማጁ ከውኃው ጠርዝ ራቅ ብሎ እንዲቆም ያስችለዋል። በዓባይ አዞም ጉማሬም አለ። ክሩ ሲታሰር ደግሞ በጫፉ ላይ ብቻ መታሰር የለበትም፤ ከዘንጉ ወገብ ታስሮ፣ እየተጠመጠመ ወደ ጫፉ ይሂድ። ጫፉ ቢሰበር እንኳ ዓሣውም ክሩም ከእጅ አይወጡም።

ሩቅ መወርወር የፈለገ ሰው ሪል አያስፈልገውም። ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ይበቃዋል። ክሩ በጠርሙሱ ወገብ ላይ ይጠመጠማል፤ አጥማጁ በአንድ እጁ የጠርሙሱን አፍ ይዞ ታችኛውን ጫፍ ወደ ውኃው ያነጣጥራል፣ በሌላው እጁ ክብደቱን አወዛውዞ ይለቀዋል፤ ክሩ ከጠርሙሱ ላይ እየተፈታ ይሄዳል። አሠራሩ ከሪሉ ጋር አንድ ነው፤ ልዩነቱ ጥርስና ምንጭ የለውም፣ አይሰበርምም። የዓባይ አሸዋና ደለል የገባበት ርካሽ ሪል ግን አንድ በጋ ካገለገለ በኋላ መሽከርከሩን ያቆማል። መለዋወጫውን ሞጣ ላይ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም፤ ቢቸና ላይም እንዲሁ። አቅም ኖሮት ሪል የሚገዛ ቢኖር አሠራሩ ቀላል የሆነውን፣ ክሩ ከፊት የሚፈታውን ዓይነት ይምረጥ። ዓሣው ሲጎትት ክር የሚለቀውን ማጥበቂያ ደግሞ ክሩ ከሚችለው ክብደት ሩብ እስከ ሲሶ ላይ ያስተካክለው። ከዚህ ካጠበቀው ክሩ ይበጠሳል።

ክር ሲገዛ መጠምጠሚያው ላይ የተጻፉ ሁለት ቁጥሮች ይታዩ፤ ውፍረቱ በሚሊ ሜትርና የሚችለው ክብደት በኪሎ ግራም። ለትንሽ ዓሣ 0.25 ሚሊ ሜትር ገደማ ይበቃል። ለነጭ ዓሣ 0.30 ወይም 0.35፣ ለአምባዛ ከ0.40 እስከ 0.50 ቢሆን ይመረጣል፤ ድንጋዩ ራሱ ቀጭን ክር ይበጥሳል። ፀሐይ ላይ ተሰቅሎ የከረመ ክር ቀለሙ ቢያምርም ጉልበቱ አልቋል፤ ሻጩን አስፈቅዶ አንድ ክንድ ያህሉን በእጅ ጠምጥሞ መሳብ ነው። ብዙ ዓሣ የሚጠፋው ደግሞ በክሩ ሳይሆን በቋጠሮው ነው። ቋጠሮው ከመጥበቁ በፊት በምራቅ ይርጠብ፤ ደረቅ ናይለን ሲፋተግ ይግልና ይዝላል።

መንጠቆ በቁጥር ይሸጣል፤ ቁጥሩም ብዙዎችን ያሳስታል። 10 ከ4 ያንሳል። ቁጥሩ በጨመረ መጠን መንጠቆው ያንሳል ማለት ነው። ከ1 በኋላ ግን ዜሮ ይጨመርበትና ይገለበጣል፤ 4/0 ከ1/0 ይበልጣል። ለቀረሶ ከ8 እስከ 10፣ ለመካከለኛ ነጭ ዓሣ ከ2 እስከ 6፣ ለአምባዛ 1/0 እና ከዚያ በላይ ያለው ይስማማል። አንድ ወረዳ «መንጠቆ፣ አንድ ሺህ ፍሬ» ብሎ ቢገዛ ምናልባት አንድ ሺህ ጥቅም የሌለው ሽቦ ገዝቶ ሊሆን ይችላል። የመንጠቆው ጫፍ ጥፍር ላይ ሲጎተት መቧጠጥ አለበት፤ የሚንሸራተት ከሆነ ዶልዱሟል፣ በሞረድ ይሳል። ትንሽ ዓሣ ሲያዝ ሳይጎዳ ለመመለስ የመንጠቆውን እሾህ በፒንሳ ተጭኖ ማስተኛት ይቻላል። ያመለጠው ዓሣ ይቆጫል፤ የተመለሰው ግን ከርሞ አድጎ ይገኛል።

ለክብደት እርሳስ የግድ አይደለም። አሮጌ ዳዶ ወይም በክር የታሰረ ጠጠር ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ እርሳስን በጥርስ ነክሶ ክር ላይ የሚያጣብቅ ልጅ ደግሞ መርዝ እየዋጠ ነው። ማባበያው ከደጅ ይገኛል። ለአምባዛ የመሬት ትል፣ የዶሮ አንጀት፣ ሽታው የበረታ ማንኛውም ሥጋ ነክ ነገር ይሆናል። ለነጭ ዓሣ ትልና ፌንጣ፣ ለቀረሶ ጠንከር ብሎ የተለወሰ ሊጥ። ክረምት ላይ ወንዙ የአርሶ አደሩን አፈር ይዞ ሲወርድ ቡናማ ይሆናል፤ ያኔ የሚያብለጨልጭ ብረት የሚያይ ዓሣ የለም። የባሱ ዕቃ እዚህ ቢመጣ የሚከስረው በዚህም ጭምር ነው።

መንጠቆ ሌላም በጎ ጠባይ አለው። እንስቷ ቀረሶ እንቁላሏን የምትታቀፈው በአፏ ውስጥ ነው። ጫጩቶቿ እስኪወጡ ድረስ አትመገብም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሊጥ አይታ መንጠቆ አትጎርስም፤ መረብ ግን ከነልጆቿ ያወጣታል። የመንጠቆና የመረብ ልዩነት በአንድ ቀን ምርት ቢመዘን መረብ ያሸንፋል፤ በእንዲህ ያለው ነገር ቢመዘን ግን ሌላ ነው።

«በመንጠቆ ስንት ዓሣ ይያዛል? ቤተሰብ ይመግባልን?» የሚል ይኖራል፤ ልክ ነው፣ ይጠይቅ። መልሱ ያለው በመንገዱ ላይ ነው። ሰባራ ድልድይ አካባቢ የተያዘ ዓሣ ሞጣ ገበያ ለመድረስ ገደሉን መውጣት አለበት፤ ሰዓታት የሚወስድ፣ በፀሐይ የሚደረግ ጉዞ ነው። በበረሃው ውስጥ በረዶ የለም፤ ማቀዝቀዣ የለም። መረብ አርባ ዓሣ ቢያወጣ ወጣቱ የሚሸከመው ስንቱን ነው? ከተሸከመውስ ሳይሸት ገበያ የሚደርሰው ስንቱ ነው? አምባዛ አየር የመተንፈስ ተፈጥሮ ስላለው በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ ለሰዓታት በሕይወት ይቆያል፤ በመንጠቆ አፉ ላይ የተያዘ አምባዛ ገበያ ሲደርስ ጭራውን ያወዛውዛል። ለገዥ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም። መረብ ውስጥ ታንቆ ያደረ ነጭ ዓሣ ግን ጠዋት ሲነሳ ዓይኑ ደፍርሷል። የተረፈውን ሰንጥቆ፣ ጨው ነስንሶ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ቋንጣ ማድረግ ይቻላል፤ ከጣና የሚወጣ የዓሣ ቋንጣ ሱዳን ድረስ ሲሸጥ ኖሯል።

ከአንድ መንጠቆ በላይ የሚፈልግ ቡድን ካለ ደግሞ መካከለኛ መንገድ አለ። በአንድ ጠንካራ ገመድ ላይ በየአንድ ሜትር ተኩሉ አጫጭር ክር ታስሮ ሃያ ወይም ሠላሳ መንጠቆ ይንጠለጠልበታል፤ ማታ በረጋ ውኃ ይዘረጋል፣ ሲነጋ ይነሣል። ለአምባዛ የተመቸ ነው። ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈው ክብ መንጠቆ ከተገኘ ይበልጥ ይሻላል፤ ዓሣውን የሚይዘው ሆዱ ድረስ ገብቶ ሳይሆን በከንፈሩ ጥግ ነው። ገመዱ ሳይነሣ እንዳይረሳ ግን ባለቤቱ ይታወቅ፣ መንጠቆውም ሲዘረጋና ሲሰበሰብ ይቆጠር። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል እንደሚባለው፣ ሌሊት ውኃ ውስጥ መግባትም ቀልድ አይደለም፤ ገመዱ ከዳር ከታሰረ በቂ ነው።

ይህ ሁሉ ለአርሶ አደሩ ነው። ለወረዳው የሚቀረው ሌላ ነው። በእንስሳትና ዓሣ ሀብት ዘርፍ ያለ ባለሙያ አብዛኛውን ጊዜ በክትባት፣ በዶሮና በማድለብ ሥራ የተጠመደ ነው፤ ዓሣ በሪፖርቱ ላይ የምትታየው በአንድ መስመር ነው። በዚያች መስመር ላይ «ለወጣቶች የተሰራጨ መረብ ብዛት» የሚለው ቁጥር ሲጨምር አፈጻጸሙ ጥሩ ይባላል። ቁጥሩ ግን የወንዙን ጤና አይናገርም። በዚያ ፈንታ የተያዘው ዓሣ ርዝመት በየወሩ ቢመዘገብ ኖሮ፣ ዓሣው እያነሰ መሄዱ ከመጥፋቱ በፊት ይታይ ነበር። ለዚህ የሚያስፈልገው ማስመሪያና ደብተር ብቻ ነው። ባሕር ዳር የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል አለ፤ ሩቅ አይደለም፤ ከሞጣ በመኪና በግማሽ ቀን ይደረሳል። መረብ ከመታዘዙ በፊት ናሙናውን ይዞ እዚያ የሄደ ባለሙያ ስንት ነው?

ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት የገባር ወንዞች አፍ ከመረብ ነፃ እንዲሆን ቀበሌዎች ከየአካባቢው ሽማግሌዎች ጋር መስማማት ይችላሉ። የግጦሽ መሬትን ከልሎ፣ ቀን ቆርጦ መክፈት ለጎጃም ገበሬ አዲስ ነገር አይደለም። ወንዝ የሚከለልበት ጊዜ ደግሞ ሁሉም በእርሻ የተጠመደበት ወቅት ነው፤ የሚጎዳው ሰው ጥቂት ነው።

አንድ የግዥ ጉዳይም አለ፤ ትንሽ ይመስላል። የበጀት ዓመቱ የሚዘጋው በሰኔ መጨረሻ ነው። ያልተነካ ገንዘብ እንዳይመለስ ግዥው በግንቦትና በሰኔ ይጣደፋል። እንዲህ የተገዛ የዓሣ መሣሪያ ወጣቱ እጅ የሚገባው ሐምሌ ላይ ነው፤ ልክ ነጩ ዓሣ እንቁላሉን ይዞ ወደ ገባር ወንዝ መውጣት ሲጀምር። ግዥው ወደ መስከረምና ጥቅምት ቢዞር መሣሪያው የሚደርሰው ኅዳር ላይ ነው። ያኔ ዓሣው እንቁላሉን ጥሏል፣ ወንዙ ጠርቷል፣ ጎርፉ ረግቷል። የቢቸናና የሞጣ አካባቢ ወረዳዎች የመጪውን ዓመት የግዥ ዕቅድ ሲያዘጋጁ በዓሣው መስመር ላይ ሦስት ነገሮች ቢጽፉ ይበቃል፤ የመንጠቆው ቁጥር፣ የክሩ ውፍረትና ዕቃው የሚደርስበት ወር።